የትኛውን የሰሜን ወንዝ ልምረጥ? ከክሪክላን እስከ ሌና፣ ለቴሲስ ተፋሰስ ለምትመርጡ

ስዊድን፣ ኖርዌይ ወይ ካናዳ ሄዳችሁ ሃይድሮሎጂ የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ፣ «የቀዝቃዛ አገር ወንዝ ላጥና ብዬ ነበር፣ የትኛው ይሻለኛል?» አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ትልልቆቹን ነው፣ የሩሲያው ሌና፣ የካናዳው ማኬንዚ፣ የካናዳና የአላስካው ዩኮን፣ ፕሮፖዛል ላይ ስማቸው ያምራላ። እኔ ግን አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ከዛ እየተከራከርን እንሂድ፦ ተፋሰስ በስፋቱም በስሙም አይመረጥም፣ ዊንተር ላይ ምን ያህል በደንብ ተለክቷል በሚለው ነው የሚመረጠው። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለው ዳታ ግምት ከሆነ የናንተም ቴሲስ ግማሹ ግምት ነው፣ ሞዴሉ ምንም ያህል ቢራቀቅ። (ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ዳታው ሁሉ በሱ ስለሆነ።)

ስለ ተፋሰሶቹ ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ አርባ ምንጭ ወይ ባሕር ዳር ተምራችሁ፣ ጊልገል ዓባይን ወይ ርብን በኤችቢቪ ወይ በስዋት (ሁለቱም የወንዝ ፍሰት ማስያ ሞዴሎች ናቸው) ሠርታችሁ ነው የምትመጡት፣ እና የለመዳችሁት ነገር ግማሹ እዛ አይሠራም።

ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት መሣሪያ

መጀመሪያ የከፍታው ካርታ። ሁላችንም የምናወርደው ኤስአርቲኤም ሰሜን 60 ዲግሪ ላይ ያልቃል፣ በ2000 መንኮራኩሩ ከዛ በላይ ስላልሄደ ነው እንጂ ኢንተርኔታችሁ ደክሞ አይደለም። ከታች የማነሳቸው ትንንሽ የጥናት ቦታዎች በሙሉ ከ60 በላይ ናቸው፣ ስለዚህ የኮፐርኒከስን 30 ሜትር ካርታ ወይ አርክቲክ ዴም የሚባለውን 2 ሜትር ጥራት ያለውን ውሰዱ። ዝናብም እንደዛው፣ እኛ አገር ጣቢያ ሲጠፋ ዘው የምንልበት ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይት ዝናብ ዳታ፣ ሁለተኛው ቨርዥኑ፣ ከ50 ዲግሪ በላይ የለም። እዛ ሰው የሚጠቀመው በብዛት ኢአርኤ ፋይቭ ላንድ የሚባለውን በሞዴል የተሰላ የአየር ዳታ ነው፣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት አለው፣ ከ1950 ጀምሮ በየሰዓቱ ይሰጣችኋል።

ከዛ ደግሞ ጊዜው። እኛ ጋ ጁላይ ላይ ዘነበ፣ ወንዙ በቀናት ውስጥ ሞላ፣ አለቀ። እዛ ግን ኖቬምበር ላይ የወረደው ሜይ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ስኖው (ከሰማይ የሚወርደውን ነው ስኖው የምለው፣ ወንዝ ላይ የሚጋገረውን በረዶ እለዋለሁ) ማለት ስድስት ሰባት ወር ተቆልፎ የሚቆይ የውሃ ጎተራ ነው። ሌና ላይ ከዓመቱ ፍሰት ከሲሶ በላይ የሚሆነው በጁን ወር ብቻ ያልፋል፣ አንድ ወር! ስለዚህ የውሃ ዓመታችሁን ከጃንዋሪ 1 ከጀመራችሁ ስኖውን አንድ ዓመት ላይ፣ ቅላጩን (ከሱ የቀለጠውን ውሃ) ሌላ ዓመት ላይ ትመዘግቡና የውሃ ሚዛኑ በፍጹም አልገጥም ይላችኋል። ከኦክቶበር 1 ጀምሩ።

አሁን ዋናው ችግር፣ ሁለት ነው። አንደኛው ስኖው መለኪያው ውስጥ አይገባም፣ ማለቴ ነፋስ ሲኖር ከመለኪያው አፍ በላይ ተንሳፍፎ ያልፋል፣ ዛፍ በሌለው ሜዳ ላይ ከወረደው ግማሹና ከዛም በላይ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2010ዎቹ በብዙ አገር መለኪያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አወዳድሮ ነበር፣ ከዛ የወጡት የማስተካከያ ቀመሮች የነፋስ ፍጥነትና የአየር ሙቀት ይጠይቃሉ። እና ጣቢያው ነፋስ የማይለካ ከሆነ በምን ታስተካክላላችሁ? በዚህ የተነሳ ወንዙ ከዘነበው በላይ ሲፈስ የምታዩበት ዓመት ይመጣል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ከከርሰ ምድር የመጣ ነው ብሎ ቲዎሪ ይሠራል፣ ነገሩ ግን ያልተቆጠረ ስኖው ነው።

ሁለተኛው ወንዙ ራሱ ነው። እኛ የውሃ ከፍታ ለክተን በሬቲንግ ከርቭ ወደ ፍሰት እንቀይራለን፣ አይደል? ወንዝ ላይ በረዶ ሲጋገር ግን ከርቩ አይሠራም፣ ምክንያቱም በረዶው ውሃውን ያፍነውና ከፍታው ይጨምራል፣ ፍሰቱ ግን እንዲያውም ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ ሄዶ በረዶውን ቦርቡሮ ዊንተሩን ሙሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለካል፣ በመሀል ያለው በግምት ይሞላል። የካናዳ የውሃ ዳታ ላይ እንደዚህ ያለው ቀን አጠገቡ «ቢ» የምትል ፊደል ተደርጎበታል፣ አብዛኛው ተማሪ ዳታውን ሲያወርድ ያቺን ፊደል ቆርጦ ይጥላታል፣ ከዛ የጃንዋሪን ፍሰት እንደ እውነተኛ ልኬት ቆጥሮ ትሬንድ ያወጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ ግራፉ ለስላሳ ነው፣ ያምራል፣ ሰው የሳለው ስለሆነ ነው የሚያምረው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዛችሁ ነው እንግዲህ ተፋሰሶቹን የምታወዳድሩት።

ክሪክላን፣ ስዊድን

ለመጀመሪያ ቴሲስ አንድ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው። ኡሜዮ ከምትባለው ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቪንደልን አካባቢ ነው፣ ወደ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ፣ አብዛኛው ደን፣ የተወሰነው ረግረግ፣ ጥቂት ሐይቅ። የያዘው የስዊድን ግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የደን ሙከራው በ1923 የተጀመረ ሲሆን የወንዙና የውሃ ኬሚስትሪ ክትትሉ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። ዳታው ክፍት ነው።

ትንሽ ሆኖ ለምን ይበልጣል? ምክንያቱም ውስጡ አንዱ በሌላው የተካተቱ ብዙ ንዑስ ተፋሰሶች አሉት፣ አንዱ ደን ብቻ፣ አንዱ ረግረግ የበዛበት፣ አንዱ ከሐይቅ የሚወጣ፣ ሁሉም በተመሳሳይ አየር ስር። ስኖው ሲቀልጥ የሚሆነውን ተመልከቱ፦ ደኑ ውስጥ የቀለጠው ውሃ ወደ አፈር ሰርጎ በወንዙ ዳር ባለው በብስባሽ በበለጸገ አፈር በኩል ይወጣል፣ ስለዚህ በጎርፉ ሰዓት ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ካርቦን ይጨምራል። ረግረጉ ላይ ግን ላዩ በበረዶ ተደፍኖ ስለሚቆይ የቀለጠው ውሃ ከላይ ከላይ ይፈስና ካርቦኑ ይቀንሳል። ያው ስኖው፣ ያው ሳምንት፣ ተቃራኒ መልስ። ይሄን ሌና ላይ ሆናችሁ በምንም ታምር አታዩትም።

ዊንተሩስ? አንደኛው ዋና መለኪያ የተሠራው በሚሞቅ ቤት ውስጥ ነው፣ ማለትም ቪ ቅርጽ ያለው ግድብ ላይ ቤት ሠርተው ያሞቁታል፣ በረዶ አይጋገርበትም፣ የጃንዋሪ ፍሰት የእውነት የተለካ ነው። እኔ ስለ ቦታው ይሄን ሳውቅ ነው ልቤ የወደቀው፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ዓለም ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደዚህ ዓይነት ዳታ ያለው ቦታ እፍኝ አይሞላም።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ፐርማፍሮስት፣ ማለትም በጋም ሳይለቀቅ ከዓመት ዓመት እንደቀዘቀዘ የሚቆይ መሬት፣ የለውም፣ አፈሩ ዊንተር ላይ ይቀዘቅዛል በጋ ይለቀቃል፣ በቃ። የናንተ ጥያቄ የሚቀልጥ ፐርማፍሮስት ከሆነ ክሪክላን መልስ አይሰጣችሁም። ሌላው በጣም የተጠና መሆኑ ነው፣ «እኔ ምን አዲስ ልጨምር» የሚለው ጥያቄ ያስጨንቃል፣ ግን እሱ የሱፐርቫይዘር ሥራ ነው፣ ለማስተርስ ደግሞ ያን ያህል አያሳስብም።

ዎልፍ ክሪክ፣ ዩኮን ግዛት

ካናዳ ላላችሁ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ከዋይትሆርስ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ወደ ደቡብ፣ ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየተለካ ያለ። ከፍታው ከ660 ሜትር ተነስቶ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ ከታች ጥድ መሰል ደን፣ መሀል ላይ ቁጥቋጦ፣ ከላይ ራቁቱን ያለ ተራራ፣ ሦስቱም ላይ የአየር ጣቢያ አለ። ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ለለመደ ሐበሻ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፣ ልዩነቱ እዚህ የሚለዋወጠው እህሉ ሳይሆን ስኖው መሆኑ ነው።

ክሪክላን ላይ የማታገኙት እዚህ ያለው ነገር ነፋስ ነው። ከላይ ያለው ስኖው በነፋስ ይጠረግና የተወሰነው እየበረረ በቀጥታ ወደ ትነት ይለወጣል፣ የተረፈው ቁጥቋጦው ውስጥና ገደሉ ስር ይከማቻል። ደኑ ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፉ ላይ ያረፈው ስኖው መሬት ሳይነካ ይተናል። በዝናብ መለኪያው ብቻ ብትሄዱ ይሄን ሁሉ አታዩም፣ ስለዚህ በስኖው ቱቦ እየተዞረ የሚለካው የስኖው ሰርቬይ ዳታ እዚህ ወርቅ ነው።

ውስጡ ግሬንጀር የሚባል ወደ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ንዑስ ተፋሰስ አለ፣ ወደ ሰሜን የዞረው ተዳፋቱ ፐርማፍሮስት አለው፣ ወደ ደቡብ የዞረው ፀሐይ ስለሚያገኝ የለውም። እኛ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ስለምትሄድ የተዳፋት አቅጣጫ ብዙም ግድ አይሰጠንም፣ እዛ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትዞር አቅጣጫ ሁሉንም ይወስናል፣ የሚቀልጥበትን ሳምንትም፣ ውሃው የሚሄድበትን መንገድም። አንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለቱን ማወዳደር የፈለገ ከዚህ የተሻለ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። የወንዙ የዊንተር ልኬት ግን እንደ ክሪክላን አይደለም፣ ክፍተት አለው፣ በረዶም አለበት፣ ስለዚህ ስለ ሜይና ጁን ጠይቁት እንጂ ስለ ፌብሩዋሪ ብዙ አታስለፍልፉት።

ፐርማፍሮስት ካላችሁ፣ ሦስት ትንንሾች

አላስካ ውስጥ ፌርባንክስ አጠገብ ካሪቡ ፖከር የሚባል ከ1969 ጀምሮ ለጥናት የተከለለ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቦታ አለ። ውበቱ ጎረቤታሞች ንዑስ ተፋሰሶች መኖራቸው ነው፣ አንዱ ላይ ፐርማፍሮስቱ 4 በመቶ አካባቢ ብቻ፣ ሌላው ላይ ከግማሽ በላይ። ፐርማፍሮስት የበዛበት ዝናብ ሲመጣ ቶሎ ይሞላል ቶሎ ይደርቃል፣ ምክንያቱም በጋ ላይ የሚለቀቀው የላይኛው አፈር ቀጭን ነው፣ ከስሩ ያለው ውሃ አያሳልፍም። ፐርማፍሮስት ያነሰበት ግን ረጋ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። ለውጡ ሲመጣ ምን ይሆናል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ አንደኛው የሌላኛው ወደፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። (ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ ጂኦሎጂው እኩል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ኤግዛሚነር አይጠፋም።)

ስኮቲ ክሪክ ደግሞ ካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛት ውስጥ ፎርት ሲምፕሰን አጠገብ ነው፣ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፐርማፍሮስቱ የተቆራረጠና እየሞተ ያለ። እዛ ፐርማፍሮስቱ ከፍ ያለ የጥቁር ስፕሩስ ደን ተሸክሞ ይቆማል፣ ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል፣ ዛፉ ይወድቃል፣ ረግረግ ይሆናል፣ ከዛ ለብቻቸው ተዘግተው የነበሩ ረግረጎች እርስ በርስ ይያያዙና ውሃቸው ወደ ወንዙ ይወጣል። ማለትም ዝናቡ ሳይጨምር ወንዙ ሊጨምር ይችላል፣ ይሄ ለኔ በዘርፉ ካሉት በጣም ከሚገርሙት ነገሮች አንዱ ነው። የጥናት ጣቢያው በ2022 ለአካባቢው ነባር ሕዝብ አስተዳደር ተላለፈ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ የሰደድ እሳት መጣና አብዛኛውን በላው። ኦክቶበር ላይ፣ በዛ ኬክሮስ! ዳታው አለ፣ አዲስ ፊልድ ወርክ ለማቀድ ግን መጀመሪያ አሁን ያለውን ሁኔታ ጠይቁ።

ሦስተኛው ትሬይል ቫሊ ክሪክ ነው፣ ከኢኑቪክ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር። ፐርማፍሮስቱ ያልተቆራረጠ፣ ዛፉ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ቁጥቋጦ እየተስፋፋ ያለበት። የነፋስና የስኖው ክምር ጥናት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን ሩቅና ውድ ነው፣ ፕሮጀክት ውስጥ ካልገባችሁ በስተቀር በራሳችሁ አትሞክሩት።

ቶርኔ፣ ፊልድ ሳይወጡ ታሪክ መሥራት ለሚፈልግ

ስዊድንና ፊንላንድን የሚያካልለው ቶርኔ ወንዝ ወደ 40,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ መካከለኛ ልትሉት ትችላላችሁ። ዋናው ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ የለም፣ ይሄ ሰሜን ስዊድን ውስጥ ብርቅ ነው፣ ጎረቤቱ ሉሌ በኃይል ማመንጫ ግድብ የተሞላ ነው። ግን ቶርኔን የሚለየው ሌላ ነው፣ ቶርኒዮ ከተማ ላይ በረዶው የተሰበረበት ቀን ከ1693 ጀምሮ ተመዝግቧል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ፣ ጎንደር ነገሥታት ሲቀመጡባት ከነበረበት ዘመን ማለት ነው! ቴርሞሜትር በቅጡ ሳይኖር ሰው ወንዙን እያየ ቀን ጽፏል፣ ዛሬ ያ ዝርዝር የጸደይ ሙቀት መዝገብ ሆኖ ያገለግላል፣ ቀኑም ከዓመት ዓመት ቀደም ቀደም እያለ ነው።

አላስካም የዚህ ታናሽ ወንድም አለው፣ ኔናና ላይ ከ1917 ጀምሮ ሰዎች ታናና ወንዝ በረዶ ላይ እግር ያለው እንጨት ያቆሙና በረዶው ተሰብሮ የሚንቀሳቀስበትን ቀንና ደቂቃ ይወራረዳሉ፣ ገንዘብ ስላለበት ደቂቃው በጥንቃቄ ነው የሚያዘው። ለሳይንስ ተብሎ ከተያዘ ብዙ ዳታ የቁማሩ ዳታ ይታመናል፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

በዚህ ላይ አቢስኮ የሚባለው የስዊድን ጥናት ጣቢያ ከ1913 ጀምሮ የአየር መዝገብ አለው፣ እሱም በቶርኔ ተፋሰስ ውስጥ ነው፣ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚያገኝ ደረቅ ቦታ። ቪዛና ገንዘብ ያሰራችሁ፣ ኮምፒውተር ብቻ ያላችሁ ከሆነ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ቶርኔን መሥራት ትችላላችሁ።

ትልልቆቹ

አሁን ወደ ስመ ጥሮቹ። ለነሱ ክብር አለኝ፣ የአርክቲክ ውቅያኖስ የዓለምን የውቅያኖስ ውሃ 1 በመቶ ያህል ብቻ ይዞ የዓለምን የወንዝ ውሃ 11 በመቶ ገደማ ይቀበላል፣ ያንን የሚያመጡለት እነሱ ናቸው። ስድስት ትልልቅ የዩሬዢያ ወንዞች ከ1936 እስከ 1999 ድረስ ወደ አርክቲክ የሚያፈሱት 7 በመቶ ጨምሯል የሚለው በ2002 የወጣው ውጤት ዘርፉን ያነቃቃ ነው፣ እሱን ከትንሽ ተፋሰስ ማንም አያወጣውም። ጥያቄያችሁ ስለ ውቅያኖሱ ወይ ስለ ረጅም ጊዜ ለውጥ ከሆነ ትልቅ ግድ ነው። ጥያቄያችሁ «ውሃው በየት በኩል ይሄዳል» ከሆነ ግን ትልቅ ወንዝ መልሱን ደባልቆ ነው የሚሰጣችሁ።

ሌና ወደ 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ፐርማፍሮስት ላይ የተኛ፣ ኩሲዩር የሚባለው ጣቢያ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፍሰት መዝግቧል። እንደ ጥናት ርዕስ እሱን የሚያህል የለም። ግን ከ2022 ወዲህ ከሩሲያ ጋር የነበረው የሳይንስ ትብብር አብዛኛው ተቋርጧል፣ ያኩትስክ ያለው የፐርማፍሮስት ኢንስቲትዩት ጋ ለመሄድ አሁን ማሰብ ከባድ ነው፣ አዳዲስ ዳታ ማግኘትም እንደዛው። የድሮውን ተጠቅማችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ ከሳተላይት ጋር አድርጋችሁ።

ማኬንዚ 1.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከካናዳ አንድ አምስተኛው። ለንጽጽር ያህል ዓባይ ሱዳን ድንበር ላይ በዓመት 50 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳልፋል፣ ማኬንዚ 300 ገደማ፣ ስድስት እጥፍ፣ ስፋቱ ግን አሥር እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ደረቅ አገር ነው፣ ስኖው በዝቶ ስለሚታይ ውሃ የበዛ ይመስላል እንጂ። ኤድመንተን ወይ ካልጋሪ ያላችሁ ፎርት ማክመሪ የሚሠራ ዘመድ አይጠፋችሁም፣ እዛ የሚያልፈው አታባስካ የማኬንዚ ገባር ነው፣ በ2020 ኤፕሪል መጨረሻ በረዶው ተሰብሮ ወንዙን ዘግቶ መሀል ከተማውን ያጥለቀለቀው እሱ ነው። በ2024 ደግሞ ማኬንዚ ራሱ በጣም ከመጉደሉ የተነሳ ለመንደሮቹ ዕቃ የሚያደርሱት ጀልባዎች መሄድ አቅቷቸው ነበር። ከ1994 እስከ 2005 የተካሄደው ትልቁ የማኬንዚ የኃይልና የውሃ ዑደት ጥናት ብዙ ዳታና ብዙ ወረቀት ጥሎ አልፏል፣ መነሻ አታጡም።

ዩኮን ወንዝ ወደ 850,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ታችኛው ጣቢያው ፓይለት ስቴሽን፣ ዳታውን የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በነጻ ይሰጣል፣ መሀሉ ላይ ለጥቂት ዓመታት ቢቋረጥም። ከሦስቱ ትልልቆች እኔ ዩኮንን የምመርጠው በአንድ ምክንያት ነው፣ ግድብ።

ይሄን በደንብ ልበለው። የዘርፉ ትኩስ ጥያቄ «የዊንተር ፍሰት ለምን እየጨመረ ነው» የሚለው ነው፣ ሰው ወዲያው ፐርማፍሮስት ቀልጦ ከርሰ ምድሩ ተከፈተ ይላል፣ ምናልባትም ልክ ነው። ግን ማኬንዚ ላይ፣ የገባሩ የፒስ ወንዝ ራስ ላይ፣ በ1968 ትልቅ ግድብ ተዘግቷል፣ ሌና ላይ ደግሞ ቪሊዩይ የሚባለው ገባር ላይ ከ1967 ጀምሮ ግድብ አለ። ግድብ ምን ያደርጋል? የበጋውን ውሃ ይዞ ዊንተር ላይ ለመብራት ይለቃል፣ ሰው የሚሞቀው በዊንተር ነዋ! ስለዚህ ሙቀቱ ምንም ባይጨምር ኖሮም የዊንተሩ ፍሰት ይጨምር ነበር። እኛ ግድብ ፍሰትን እንዴት እንደሚያስተካክል ከማንም በላይ ስንከራከርበት የኖርን ሕዝብ ነን፣ ይሄን ማንም ሊነግረን አይገባም፣ ሆኖም ስንት ፕሮፖዛል ነው ግድቡን ሳያነሳ ትሬንድ የሚያወጣው። ዩኮን ላይ ዋናውን ወንዝ የሚቆጣጠር እንደዛ ዓይነት ግድብ የለም፣ ቶርኔም እንደዛው፣ ስለዚህ ትሬንዱን ያገኛችሁ እንደሆነ ቢያንስ አንዱን ተጠርጣሪ አስወግዳችኋል። የበረዶው ግምት ጉዳይ ግን ዩኮን ላይም አለ፣ አልዋሻችሁም።

ለትልልቆቹ ሌላ የሚጠቅማቸው ግሬስ የሚባሉት መንትያ ሳተላይቶች ናቸው፣ ከ2002 ጀምሮ፣ በመሀል አንድ ዓመት ገደማ ክፍተት አላቸው፣ የመሬት ስበትን ለክተው የስኖውንም የአፈሩንም ውሃ ድምር ይነግሩአችኋል። ጨለማ አይከለክላቸውም፣ ሞዲስ የሚባለው የሳተላይት ካሜራ ግን ፎቶ ስለሆነ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በሌለበት አያይም። የግሬስ አንድ ነጥብ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስፋት ነው፣ ክሪክላን ላይ ላውል ብትሉ ያሳቅባችኋል።

ሞዴሉስ?

አጭር አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው በሞዴል ብዙ ይጨቃጨቃል። ኤችቢቪ የተወለደው ስዊድን ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ውስጥ በ1970ዎቹ ነው፣ እኛ ጊልገል ዓባይ ላይ ስንጠቀምበት የስኖው ክፍሉን ዘግተን ነበር፣ አሁን ትከፍቱታላችሁ፣ በቃ። ሙቀትና ዝናብ ብቻ ይበቃዋል፣ ለክሪክላንና ለቶርኔ ጥሩ ነው። ፐርማፍሮስት ግን አያውቅም። ስዋት የቀዘቀዘ አፈርን በጣም አቅልሎ ነው የሚያየው፣ ስለለመዳችሁት ብቻ ትሬይል ቫሊ ላይ አታውሉት። ሳስካቹዋን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሲአርኤችኤም የሚበር ስኖውን፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚተነውን፣ የቀዘቀዘ አፈር ላይ የሚሰርገውን ሁሉ ያሰላል፣ ለዎልፍ ክሪክ ተፈትኗል፣ ግን በየሰዓቱ ነፋስ፣ እርጥበትና ጨረር ይጠይቃችኋል። ለትልልቆቹ ሃይፕ አለ፣ እሱም ከስዊድን፣ በነጻ የሚገኝ፣ አርክቲክን በሙሉ የሚሸፍን ቨርዥን ያለው።

እንግዲህ ማን ምን ይውሰድ

ማስተርስ ከሆናችሁ፣ ጊዜው አንድ ሴሚስተር ከሆነ፣ ክሪክላን፣ ሱፐርቫይዘራችሁ ካናዳ ከሆነ ዎልፍ ክሪክ። ሁለቱንም አውርዶ ማወዳደር ራሱ ቴሲስ ይሆናል፣ ነፋስ ያለበትና የሌለበት፣ ሰው ያን ያህል አልሠራበትም ብዬ አስባለሁ። ፒኤችዲ ከሆናችሁና ፐርማፍሮስት ካላችሁ ስኮቲ ወይ ካሪቡ ፖከር፣ የመጀመሪያው ለሚለወጠው፣ ሁለተኛው ለንጽጽሩ። ስታቲስቲክስ የምትወዱ፣ ጭቃና ትንኝ የማትወዱ (የሰሜኑ የጁላይ ትንኝ የጣናን ያስንቃል) ቶርኔ። ስለ ውቅያኖስ ወይ ስለ ካርቦን ወደ ባሕር መሄድ ከሆነ ዩኮንና ማኬንዚ፣ ስድስቱን ትልልቅ የአርክቲክ ወንዞች ከ2003 ጀምሮ በአንድ ዓይነት ዘዴ የውሃ ናሙና የወሰደ የጋራ ፕሮግራም አለ፣ ዳታው ክፍት ነው። ሌናን ለድኅረ ዶክትሬት አቆዩት።

የመረጣችሁትን ለአድቫይዘር ከመናገራችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጡና ይሄን አድርጉ፦ የዕለት ፍሰቱን አውርዱ፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያለውን ብቻ ለዩ፣ ስንቱ ቀን የበረዶ ምልክት እንዳለበት ቁጠሩ፣ ከዛ የስኖው ሰርቬይ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተደረገና ነፋስ የሚለካ ጣቢያ ተፋሰሱ ውስጥ መኖሩን እዩ። ጥያቄያችሁ የዊንተር ፍሰት ሆኖ ዊንተሩ በሙሉ ምልክት ካለበት ወይ ጥያቄውን ወይ ወንዙን ቀይሩ።

ካናዳ ፊልድ ለመውጣት ደግሞ ዩኮንም ሰሜን ምዕራብ ግዛቶችም የምርምር ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ሰሜን ምዕራብ ላይ የሚሰጠው አውሮራ የምርምር ተቋም ነው፣ ማመልከቻው ለአካባቢው ነባር ሕዝብ ድርጅቶች ሄዶ አስተያየት ስለሚሰጥበት በሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ሜይ ላይ ቅላጩን ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ገና ስኖው መውረድ ሲጀምር ማስገባት አለበት።